የአንደኛ ዓመት ተማሪ ግቢ ውስጥ እንዲኖር ይገደድ?

አወያይ፦ የዛሬው ጥያቄ አጭር ነው። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች የአንደኛ ዓመት ተማሪ የግድ ዶርም ይግባ ይላሉ። የሚፈቱት ወላጆቹ አቅራቢያው ያሉትን ወይም የጤና ማስረጃ ያመጣውን ብቻ ነው። ሌሎቹ ደግሞ ለተማሪው ይተውታል፤ የፈለገ ዶርም ይገባል፣ ያልፈለገ ውጭ ይከራያል። የትኛው ይሻላል? ስድብ ክልክል ነው። በተረፈ ሜዳውም ፈረሱም ይኸው።

ፕሮክተር የነበርኩ፦ ይገደድ ባይ ነኝ። ዘጠኝ ዓመት በፕሮክተርነት ሠርቻለሁ። አንድ ልጅ ሦስት ቀን ካልጋው ካልወረደ ዶርም ውስጥ ይታወቃል። የዶርም ጓደኛው ይመጣና «ጋሼ፣ ያ ልጅ ደህና አይመስለኝም» ይለኛል። ሄጄ አንኳኳለሁ። ብቻውን የተከራየውን ልጅ ግን ማን ያየዋል? አከራይ የሚያንኳኳው ወሩ ሲሞላ ነው። ከቤቱ ወጥቶ የማያውቅ ልጅ የመጀመሪያዋን ዓመት ሰው መሃል ቢያሳልፍ ምን ይጎዳል?

ተከራይዋ፦ ጋሼ፣ ከይቅርታ ጋር፣ እኔን ጎድቶኛል። አምስት ነበርን። አንዷ ሌሊት ታጠናለች። አንዷ መብራት በርቶ አትተኛም። አንዷ እኩለ ሌሊት ላይ በስልክ ከፍቅረኛዋ ጋር ትጣላለች፣ ትታረቃለች፣ መልሳ ትጣላለች። የዚያን ጊዜ ውጤቴን ባላነሳው ይሻላል። ሁለተኛ ዓመት ላይ ትንሽ ክፍል ተከራይቼ ወጣሁ። በሯን ዘግቼ የተኛሁበትን የመጀመሪያ ሌሊት አልረሳውም። ሰው ያየኛል ያሉት እውነት ነው። እኔን ያሰቃየኝም እሱው ነው፤ ሃያ አራት ሰዓት ይታያሉ።

ቁጥር ወዳድ፦ እዚህ ላይ አንድ ጥናት ላምጣ። አሜሪካ ውስጥ ዳርትማውዝ ኮሌጅ አዲስ ገቢዎችን ከዶርም ጓደኛ ጋር የሚያገናኛቸው በዕጣ ነበር ማለት ይቻላል። ብሩስ ሳሰርዶት የተባለ ኢኮኖሚስት ይህችን ዕጣ ተጠቀመባት። ዕጣው ለምን ይጠቅማል? ተማሪ ራሱ ከመረጠ ጎበዝ ከጎበዝ ጋር ይገጥማል፤ ማን ማንን እንደቀየረ አይለይም። እ.ኤ.አ. በ2001 ያሳተመው ውጤት እንዲህ ይላል፦ የዶርም ጓደኛ በውጤት ላይ ተጽዕኖ አለው። የተማሪ ማኅበር ውስጥ ለመግባት ወይም ላለመግባትም እንዲሁ። የትምህርት ዘርፍ ምርጫን ግን አልነካም። ስለዚህ አብሮህ የሚያድረው ሰው ትንሽም ቢሆን ይቀይርሃል።

ተከራይዋ፦ ይሄማ ለኔ የሚመሰክር ነው! ጎበዝ ከደረሰኝ እሰየው። ሰነፍ ቢደርሰኝስ? ዕጣ ጣልና፣ ከዚያ መውጫ የለሽም በለኛ።

አርክቴክት ነኝ፦ ዶርም ስትሉ ሁላችሁም የምታስቡት አንድ ዓይነት ሕንፃ ነው። ረጅም ኮሪደር፣ ግራና ቀኝ በር፣ ጫፍ ላይ መታጠቢያ። ሌላም ዓይነት አለ። ሁለት ሦስት መኝታ ክፍል ተጋጥሞ የራሱ ሳሎንና መታጠቢያ የሚኖረው አለ። ከነማዕድ ቤቱ ሙሉ አፓርታማ የሆነም አለ። ክፍሉ የግል፣ ማዕድ ቤቱ ብቻ የጋራ የሆነም አለ።

ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አንድሩ ባውምና ስቱዋርት ቫሊንስ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ኒውዮርክ ግዛት በሚገኘው ስቶኒ ብሩክ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓይነቶች አነጻጸሩ። በኮሪደሩ ሕንፃ 34 ያህል ተማሪ አንድ መታጠቢያና አንድ ማረፊያ ክፍል ይጋራል። በሌላው የሚጋሩት ከ4 እስከ 6 ናቸው። ለአንድ ተማሪ የሚደርሰው ስፋት ተቀራራቢ ነው። የኮሪደሮቹ ልጆች ግን ተጨናነቅን አሉ። እኔን የገረመኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ቤተ ሙከራ ወስደው ከማያውቁት ሰው ጋር ሲያስቀምጧቸው የኮሪደሮቹ ልጆች ራቅ ብለው ተቀመጡ። ፊቱንም ብዙ አላዩም። ፊትህን ልትታጠብ በወጣህ ቁጥር ካላሰብከው ሰው ጋር ስትጋጭ ከከረምክ ሰው ይታክትሃል። ጋሼ ፕሮክተር፣ እርስዎ ያሉት መተያየት ለስድስት ሰው ይሠራል። ለ34 ሲሆን ልጁ ተሸሽጎ መኖርን ይማራል።

የባሰም ታስቦ ነበር። ቢሊየነሩ ቻርሊ መንገር ለካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ባርባራ 4,500 ያህል ተማሪ የሚይዝ ባለ 11 ፎቅ ዶርም ንድፍ ይዞ መጣ። ገንዘብም አዋጣለሁ አለ። ከመኝታ ክፍሎቹ 94 በመቶው መስኮት የላቸውም። ሐሳቡ ክፍሉ ጠባብ ከሆነ ልጁ ወደ ጋራ ቦታው ይወጣል የሚል ነው። የንድፍ ገምጋሚው ኮሚቴ አባል ዴኒስ ማክፋደን እ.ኤ.አ. በ2021 ንድፉን ተቃውሞ ከኮሚቴው ለቀቀ። ነገሩ ጋዜጣ ላይ ወጣ። በ2023 ዩኒቨርሲቲው ንድፉን ተወው። እንዲህ ያለ ሕንፃ ተሠርቶ የግዴታ ሕግ ቢታከልበት አስቡት።

እንቅልፋሙ፦ መስኮት የሌለው ክፍል? አድራሻውን ላኩልኝ። በሰላም እተኛበታለሁ።

አርክቴክት ነኝ፦ 😂 ማንቂያ ደወሉ ሲጮህ እናገኝሃለን። ደጉንም ልንገራችሁ። ኮፐንሃገን ውስጥ ቲየትገን የሚባል ክብ የተማሪዎች መኖሪያ አለ። 360 ክፍል አለው። ክፍሎቹ ወደ ውጭ ያያሉ፤ ማዕድ ቤቶቹና የጋራ ቦታዎቹ ወደ መሃሉ ግቢ። አንዱን ማዕድ ቤት የሚጋሩት 12 ናቸው። ስትፈልግ ትወጣለህ፣ ስትፈልግ በርህን ትዘጋለህ። እንዲህ ያለውን ሠርተህ ማስገደድ አያስፈልግህም። ወረፋ ይያዛል።

የተማሪ እናት፦ ልጆቼ፣ ስለ ማዕድ ቤት ቅርጽ ስትከራከሩ እኔ የማስበው ደህንነቷን ነው። ልጄ ዘንድሮ ትገባለች። በር ላይ ዘበኛ ያለበት ግቢ ብታድር እንቅልፍ ይወስደኛል። ይገደድ እላለሁ።

የእሳት አደጋ ሠራተኛ፦ እናቴ፣ ዘበኛ እሳትን አያቆመውም። እ.ኤ.አ. ጥር 19 ቀን 2000 ኒው ጀርሲ ውስጥ ሲተን ሆል ዩኒቨርሲቲ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ዶርም በሌሊት ተቃጠለ። እሳቱ የተነሳው ከሦስተኛው ፎቅ ማረፊያ ክፍል ነው። ሦስት ተማሪዎች ሞቱ፣ ብዙዎች ቆሰሉ። ሕንፃው ከጣሪያ ላይ ውሃ የሚረጭ መሣሪያ አልነበረውም። ከዚያ በፊት የሐሰት ደወል በዝቶ ስለነበር ደወሉን ሰምተው ያልተነሱም ነበሩ። በዚያው ዓመት ግዛቱ ዶርሞች ሁሉ ይህን መሣሪያ እንዲገጥሙ በሕግ አስገደደ። ልጅዎን ሲያደርሱ ሁለተኛው መውጫ የት ነው ብለው ይጠይቁ። መልሱን ማንም ካላወቀ ይጨነቁ።

ተከራይዋ፦ አሁን እኔ ነኝ የደነገጥኩት። የኔ ክፍል ያለችው የአንድ ቤት ጓሮ ውስጥ ነው። ሁለተኛ መውጫ የላትም። መስኮቷ ላይ ብረት ተበይዷል። ማንም መጥቶ መርምሯት አያውቅም። ይህችን ነጥብ ለጋሼ እለቃለሁ። ግን አንዷን ብቻ ነው።

ቁጥር ወዳድ፦ እኔ ደግሞ «ለተማሪው ጥቅም» ሲባል ጆሮዬ ይቆማል። ዶርም ብዙ ጊዜ የሚሠራው በብድር ነው፤ ብድሩ የሚከፈለው ከተማሪው ኪራይ ነው። አልጋ ባዶ ካደረ ዕዳው አይተኛም። ስለዚህ አንዳንዱ የግዴታ ሕግ የፋይናንስ ክፍሉ ሕግ ነው። በወረርሽኙ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2020፣ ጆርጂያ ግዛት ውስጥ ዶርሞችን በውል የያዘ ኩባንያ ለዩኒቨርሲቲዎቹ አስተዳደር ደብዳቤ ጻፈ። የነዋሪውን ቁጥር መገደብ በውላችን የለም አለ። ሰው በበሽታ ይርቅ በተባለበት ሰዓት! አስገዳጅ ሕግ ያለው ግቢ መጀመሪያ የብድር ውሉን ያሳየን።

ፕሮክተር የነበርኩ፦ የብድሩን አላውቅም፣ እኔ ቁልፍ ያዥ ነበርኩ። ግን ልጅቷ ስለ እንቅልፍ ያለችውን ሰምቻለሁ። ግዴታው አንድ ሴሚስተር ይሁን። ከዚያ በኋላ ይምረጡ። ክፍል መቀየርም ያለ ማመልከቻ ጋጋታ ይፈቀድ።

ዝምታ ይሻለኛል፦ እስካሁን ማንም ያላነሳውን ልጠይቅ። ሴሚስተር ሲያልቅ ዶርም ይዘጋል። «ሻንጣችሁን ይዛችሁ ውጡ» ይባላል። እኔ የምሄድበት ቤት የለኝም። ያደግኩት በማሳደጊያ ነው፤ 18 ሲሞላኝ ወጣሁ። ለኔ ኪራይ ማለት ዓመቱን ሙሉ ማደሪያ ማለት ነው። ዶርም ግን በየዕረፍቱ ያስወጣኛል። አስገድደው ካስገቡኝ ለነዚያ ሳምንታት ደግሞ ለየብቻ ልከራይ ነው? ማን ያከራየኛል ለሦስት ሳምንት?

አወያይ፦ ለዚህ መልስ ያለው?

ፕሮክተር የነበርኩ፦ ልጄ፣ መልስ አይደለም፣ የሆነውን ልንገርህ። ሕጉ «ሕንፃው ይዘጋል» ይል ነበር። አንድ ዕረፍት ላይ አንድ ልጅ ሻንጣውን ይዞ ደረጃው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። መሸ፣ አልተነሳም። ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ከፈትኩለት። ዕረፍቱ እስኪያልቅ እዚያው ከረመ። አለቃዬ ሲሰማ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይዞ መጣና ፈርም አለኝ።

ተከራይዋ፦ ፈረሙ ጋሼ?

ፕሮክተር የነበርኩ፦ አልፈረምኩም።