በካማኽያ ቤተ መቅደስ እንስሳ መሠዋት በፍርድ ቤት ይከልከል ወይስ ለምእመናኑ ይተው? (የቡድናችን ክርክር)

አወያዩ፦
የዛሬው ጥያቄያችን ከሰሜን ምሥራቅ ሕንድ የመጣ ነው። በአሳም ክፍለ ግዛት፣ በጓሃቲ ከተማ፣ ከብራህማፑትራ ወንዝ በላይ በሚገኘው የኒላቻል ኮረብታ ላይ የካማኽያ ቤተ መቅደስ አለ። በሂንዱ ሃይማኖት ውስጥ ታንትራ የሚባለው ምሥጢራዊ የአምልኮ ሥርዓት ካሉት ጥንታውያን ማዕከላት አንዱ ነው። ዛሬ የሚታየው ሕንጻ በ1565 በኮች መንግሥት ንጉሥ በናራናራያን ዘመን የታደሰ ሲሆን ከሥሩ ያሉት ድንጋዮች ከዚያ ብዙ ይቀድማሉ። በዙሪያውም ካሊ፣ ታራ እና የገዛ ራሷን ቆርጣ በእጇ የያዘችው ቺናማስታ፣ እነዚህ አስፈሪ ገጽታ ያላቸው እንስት አማልክት፣ የየራሳቸው መቅደስ አላቸው። በዚህ ሥፍራ ፍየልና ርግብ፣ በትልልቅ በዓላትም ጎሽ ይሠዋል። በአጎራባቿ በትሪፑራ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በሴፕቴምበር 2019 በክፍለ ግዛቷ ቤተ መቅደሶች ሁሉ እንስሳ መሠዋትን ከልክሎ ነበር፤ ጉዳዩ ወደ ሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ የውሳኔው አፈጻጸም በዚያው ዓመት ታግዷል። እንዲህ ያለው ክልከላ ካማኽያንም ሊመለከት ይገባል ወይ የሚለውን እንከራከርበት። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሕግ መምህሯ፦
ሊከለከል ይገባል ባይ ነኝ። የሕንድ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 የሃይማኖት ነጻነትን የሚሰጠው ለሕዝብ ሰላም፣ ለሥነ ምግባርና ለጤና ተገዢ አድርጎ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ከ1954ቱ የሺሩር ገዳም ጉዳይ ጀምሮ ባዳበረው መለኪያ መሠረት ሙሉ ጥበቃ የሚያገኘው ለሃይማኖቱ መሠረት የሆነ ሥርዓት እንጂ በልማድ የተጨመረ ሁሉ አይደለም። በ1958 ሙስሊሞች በዒድ አል አድሃ የግድ ላም መሠዋት የለባቸውም፣ ሌላ እንስሳ ሊያቀርቡ ይችላሉ ተብሎ የተፈረደው በዚሁ አስተሳሰብ ነው። አንዱ ሃይማኖት የተመዘነበት ሚዛን ለሌላው ሲሆን የሚቀየርበት ምክንያት አይታየኝም።

የትሪፑራውን ጉዳይ የከፈቱት አንድ ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው። በ1501 በተሠራው የትሪፑራ ሱንዳሪ ቤተ መቅደስ መንግሥት ከሕዝብ ገንዘብ እያወጣ በየቀኑ አንድ ፍየል ያሠዋ ነበር። የመንግሥት መከራከሪያ ትሪፑራ በ1949 ከሕንድ ጋር ስትዋሐድ የንጉሣውያኑ አምልኮ እንደ ቀድሞው እንዲቀጥል ቃል ተገብቷል የሚል ነበር። ፍርድ ቤቱ ይህንን አልተቀበለውም። ሰው እንስሳውን ለአምላክ ክብር ሊያቀርብ ይችላል፣ ነገር ግን ሳይሠዋ መልሶ ይውሰደው አለ፤ ውሳኔው መፈጸሙን ለመቆጣጠርም ካሜራ እንዲተከል አዘዘ። ይህ አማኙን ከመቅደሱ የሚያባርር አይደለም፤ የሚያስቀረው ጎራዴውን ብቻ ነው።

የሃይማኖት ታሪክ አጥኚው፦
መምህርት፣ የሕጉን አካሄድ በሚገባ አስረድተውናል፤ የዘለሉት አንድ አንቀጽ ግን አለ። በእንስሳት ላይ የሚፈጸም ጭካኔን የሚከለክለው የ1960ው የሕንድ አዋጅ በአንቀጽ 28 የአንድ ማኅበረሰብ ሃይማኖት በሚጠይቀው መንገድ እንስሳን መግደል በዚህ አዋጅ መሠረት ወንጀል እንደማይሆን በግልጽ ደንግጓል። ይህንን የጻፈው የሕዝብ ምክር ቤት ነው፤ አንቀጹ ስሕተት ከሆነም ሊያርመው የሚገባው ያው ምክር ቤት ነው።

ከሕጉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን «መሠረታዊ» የሚለው ፍርድ ነው። በካማኽያ ቅድስተ ቅዱሳን ውስጥ ምስል የለም። ምእመኑ ጨለማ በሆነ ደረጃ ወደ ምድር ውስጥ ወርዶ የሚያገኘው ምንጭ ዘወትር የሚያረጥበው፣ የእንስቷ አምላክ ማሕፀን ነው ተብሎ የሚታመን የተሰነጠቀ ዐለት ነው። በትውፊቱ የሺቫ አምላክ ሚስት ሳቲ በሞተች ጊዜ ሰውነቷ ተቆራርጦ በየሀገሩ ሲወድቅ ይህ ክፍሏ በዚህ ኮረብታ ላይ ወደቀ። በየዓመቱ በሰኔ ወር፣ በአምቡባቺ በዓል፣ የወር አበባዋ መጥቷል ተብሎ ቤተ መቅደሱ ለሦስት ቀን ይዘጋል፤ በአራተኛው ቀን ሲከፈት ምእመናን ቁራጭ ቀይ ጨርቅ ለበረከት ይዘው ይመለሳሉ። ደም በአብዛኛው የብራህማን (የካህናቱ መደብ) ሥርዓት ርኩሰት ነው፤ እዚህ ግን የሕይወት ኃይል ነው፣ ከእርሷ የሚወጣውም ወደ እርሷ የሚመለሰውም። የሚሠዉት እንስሳትም ወንድ ብቻ ናቸው፣ ሴቷ አትነካም። እንዲህ ሆኖ የተያያዘን ነገር ሥጋ በማይበላና ደም በሚጸየፍ የአምልኮ ፈርጅ መለኪያ ይዞ «ይህ ተጨማሪ ልማድ ነው» ማለት ዳኛን የሃይማኖት ሊቅ ማድረግ ነው። ዮጊኒ ታንትራ የተባለው ድርሳን ራሱ የዚህች ምድር ሃይማኖት ከኪራታዎች፣ ማለትም ከተራራው ነባር ሕዝቦች፣ የመነጨ መሆኑን ይናገራል።

ሕንድ የተማረው አባል፦
ወደ ሥፍራው ሄጃለሁና ያየሁትን ባካፍል ለክርክሩ ይጠቅም ይሆናል። የመሥዋዕቱ ቦታ ከዋናው መቅደስ ተለይቶ የተሠራ ነው። መሬት ላይ አጭር ባላ እንጨት ተተክሏል፤ የፍየሉ አንገት በባላው መካከል ይገባና በላዩ መወርወሪያ ይደረግበታል። ሥራው የተመደበለት ሰው በአንድ ምት ይቆርጣል። ራሱ ከመብራት ጋር ለእንስቷ አምላክ ይቀርባል፤ ሥጋውን ቤተሰቡ ወስዶ ያበስለዋል። እኔን ይበልጥ ያስገረመኝ ግን በግቢው ውስጥ ግንባራቸውን ሲንዱር የሚሉትን ቀይ ዱቄት ተቀብተው በነጻነት የሚዞሩት ወጠጤዎችና ርግቦች ብዛት ነው። እነዚህ ተባርከው የተለቀቁ ናቸው። ስለዚህ ማንም ፍርድ ቤት ሳያዝ ብዙ ሰው መልቀቅን መርጧል ማለት ነው። ከደረጃው ላይ ቅጠል ገዝተው የሚያበሏቸው ሴቶች ተሰልፈው ነበር፤ አንዱ ወጠጤ የአንዲት አሮጊት የአንገት ልብስ ጫፍ ይዞ አልለቅ ብሎ ሁሉም ሲስቅ ትዝ ይለኛል።

የእንስሳት ሐኪሙ፦
እኔ ስለ ሃይማኖቱ ለመፍረድ ብቃት የለኝም። በሙያዬ ግን የምለው አለኝ። በአንድ ምት የሚፈጸም ዕርድ፣ ስለቱ ስል ከሆነና ሰውየው ከቻለበት፣ በየጓሮው በደነዘ ቢላዋ ከሚፈጸመው የከፋ ነው ማለት አልችልም። ትልቁ ሥቃይ ከምቱ በፊት ያለው ነው፤ በገመድ መጎተቱ፣ የደም ሽታውና የቀደመው ሲታረድ እያዩ መጠበቁ። የሕንድ የ2001 የቄራ ደንብ እንስሳ በሌላ እንስሳ ፊት እንዳይታረድ የሚከለክለው በዚህ ምክንያት ነው። ጎሽ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። አንገቱ እጅግ ወፍራም በመሆኑ በአንድ ምት ይወድቃል ብሎ መተማመን ስለማይቻል፣ ፍየልና ጎሽን በአንድ ላይ አድርጎ መከራከር ተገቢ አይመስለኝም።

የሕግ መምህሯ፦
ዶክተር፣ አመሰግናለሁ፤ ስለ ጎሽ ያሉት ለእኔ በቂ ማስረጃ ነው። ለታሪክ አጥኚው ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። በዚሁ በአሳም ምድር የተጻፈውና የሥርዓቱ ዋና መመሪያ የሆነው ካሊካ ፑራና ስለ ደም በሚናገረው ምዕራፉ ከሚሠዉት መካከል ሰውንም ይቆጥራል። በሳዲያ በነበረው የታምሬሽዋሪ ቤተ መቅደስ የሰው መሥዋዕት የቀረው በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ በአሆም ንጉሥ በጋውሪናት ሲንግሃ ዘመን ነው። የጃይንቲያ መንግሥትም ተገዢዎቻችንን ለእንስት አምላክ ሠዋችሁ ተብሎ በ1835 ግዛቱን በእንግሊዞች ተነጥቋል። ዛሬ ይህ ይመለስ የሚል አንድም ሰው የለም። በካማኽያ በዱርጋ በዓል በሰው ፈንታ ከዱቄት የተሠራ ምስል ይቀርባል፤ አምልኮውም አልጠፋም። ሰው በዱቄት ከተተካ ፍየል በምን ምክንያት አይተካም?

የሃይማኖት ታሪክ አጥኚው፦
ይህ ጥያቄ ከሁሉም የከበደው ነውና በቀጥታ ልመልስ። ይተካል፤ መተካቱንም መጽሐፉ ራሱ ይፈቅዳል። ካሊካ ፑራና ዱባ፣ ሸንኮራ አገዳና የሚያሰክር መጠጥ እንደ ፍየል መሥዋዕት እንደሚቆጠሩና እንስቷን አምላክ እኩል እንደሚያስደስቱ ይናገራል። እኔ የምቃወመው የሚተካውን አካል እንጂ መተካቱን አይደለም። በ15ኛውና በ16ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ሻንካርዴቫ በዚያው በአሳም የደም መሥዋዕትን ነቅፎ በዝማሬና በጸሎት ላይ የቆመ ትልቅ እንቅስቃሴ አስነሥቷል፤ ብዙ ሕዝብም ተከትሎታል፣ ያደረገው ግን በስብከት ነው። በአንጻሩ በደቡብ ሕንድ የምትገኘው የታሚል ናዱ ክፍለ ግዛት መንግሥት በ1950 የወጣውን የክልከላ ሕግ በ2003 በድንገት ማስፈጸም ሲጀምር የገጠሩ ሕዝብ አምርሮ ተቃወመ፤ በቀጣዩ ዓመት ሕጉ ራሱ ተሻረ። በካማኽያ ደግሞ ባለቤት አለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2015 የቤተ መቅደሱን አስተዳደር ለነባሮቹ የካህናት ቤተሰቦች፣ ለቦርዴውሪ ማኅበር፣ መልሷል። ጎሽ ይቅር ቢባል ሊነገር የሚገባው ከእነርሱ አፍ ነው፤ እኔም ቢያስቀሩት ደስ ይለኛል።

የሕግ መምህሯ፦
የታሚል ናዱን አነሡ፤ የሌላዋ የደቡብ ሕንድ ክፍለ ግዛት የኬረላ የ1968 የክልከላ ሕግ ግን እስከ ዛሬ ጸንቶ ይገኛል፣ ከፍተኛው ፍርድ ቤቱም በ2020 አልሽረውም ብሏል።

የሃይማኖት ታሪክ አጥኚው፦
ጸንቷል፤ ግን ምን እንደሚከለክል ይመልከቱት። አንድ ሰው ፍየሉን በቤተ መቅደሱ ግቢ ለምግብ ብሎ ቢያርድ ሕጉ አይነካውም፤ አምላክን ለማስደሰት ብሎ ካረደው ግን ያስቀጣዋል። እንስሳው የሚሞተው በሁለቱም መንገድ ነው። የተከለከለው ዕርዱ ሳይሆን ጸሎቱ ሆኗል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዚያው ዓመት ሊመለከተው የተቀበለውም ይህንኑ አቤቱታ ነው።

የሕግ መምህሯ፦
በዚህ ነጥብ ላይ ልክ ነዎት፤ የኬረላው አጻጻፍ ለእኔም አይዋጥልኝም። አቋሜን ግን ይህ አያስለውጠኝም፣ ያጠብበዋል እንጂ። በአንድ በኩል መንግሥት ከግብር ገንዘብ አንድም መሥዋዕት አይግዛ፤ በዚህ የትሪፑራው ፍርድ እንዲጸና እመኛለሁ። በሌላ በኩል የዶክተሩ ምክር በቤተ መቅደሱም ይሥራ፤ የሚጠብቀው እንስሳ የሚታረደውን አይይ፣ ጎሽም በሕግ ይከልከል። የቦርዴውሪ ማኅበር በራሱ እስኪወስን እንጠብቅ የሚለውን ግን አልቀበለውም። የአንቀጽ 28 ጥበቃ ሃይማኖቱ ለሚጠይቀው አገዳደል የተሰጠ ነው፤ የሚጎተተው ጎሽ የሚፈራው ፍርሃት ደግሞ በየትኛውም ድርሳን የተጠየቀ አይደለም።

የሃይማኖት ታሪክ አጥኚው፦
በመጀመሪያው እስማማለሁ። በአጠባበቁም እስማማለሁ። በጎሹ ጉዳይ ላይ ግን ከሕጉ በፊት ካህናቱ ይጠየቁ እላለሁ፤ የትሪፑራ ፍርድ ቤት ያልሞከረው እርሱን ነውና።