የዕቅድ ውይይት፦ የማልዌር መከላከል ሥልጠና ፕሮፖዛል፣ ረቂቅ 1 ላይ አስተያየት

ጸሐፊ፦
እንደምን ሰነበታችሁ። ረቂቁን አይታችሁታል ብዬ ልጀምር። ባጭሩ፣ 20 አዲስ ምሩቃን፣ 3 ወር፣ ርዕሱ «ሪቨርስ ኢንጂነሪንግና የማልዌር ትንተና»፣ ማለትም ጎጂ ፕሮግራሞችን (ማልዌርን) ፈትቶ አሠራራቸውን ማጥናት። ሐሳባችሁን እዚሁ አስፍሩ። የምትቃወሙ ካላችሁ በምትኩ ምን ይግባ የሚለውንም ጻፉልኝ፤ ባለፈው «አይሆንም» ብቻ ሰብስቤ ነው የቀረሁት።

አባል (ባንክ፣ አዲስ አበባ)፦
ደክመሃል ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥልን። ርዕሱ ላይ ግን አልስማማም። ጊድራ (ማልዌር መፍቻው ፕሮግራም) በነጻ ይወርዳል፣ ልጆቹም ስሙን ሲሰሙ ዓይናቸው ይበራል። የሚቀጥራቸውስ ማነው? ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ ማልዌር የሚፈታ ሰው የሚፈልግ መሥሪያ ቤት እዚህ በጣት የሚቆጠር ነው። ማስታወቂያ የሚወጣው ለሶክ (የሳይበር ጥበቃ ክፍል) ተንታኝ ነው፤ ሌት ተቀን ማንቂያ የሚያይ፣ እውነተኛውን ከውሸቱ የሚለይ፣ ያየውን ጽፎ ለተረኛው የሚያስረክብ። ዓምና ቃለ መጠይቅ ካደረግንላቸው አንዱ ስለ ዜሮ ዴይ (ሠሪው ገና ስላላወቀው የሶፍትዌር ክፍተት) ሲያስረዳን አፋችንን ከፍተን ሰማነው። «አንድ ሠራተኛ የዎርድ ፋይል እንደከፈተ ወዲያው ፓወርሼል ተነሳ፤ ምን ትላለህ?» ስለው ዝም አለ። ዎርድ ፓወርሼልን (የዊንዶውስ ትእዛዝ መስጫውን) ምን አስጠራው ብሎ መጠርጠር ነው እኮ የሥራው ሀሁ። ዊንዶውስ ላይ ጤነኛ ሂደት (እየሠራ ያለ ፕሮግራም) ምን እንደሚመስል ሳያውቅ በሽተኛውን ከየት ይለየዋል?

መምህርት (ባሕር ዳር)፦
እኔም እዚያው ላይ ነኝ። ተማሪዎቼ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ይዘው ፎቶኮፒ ቤት ይሄዳሉ። ፍላሹ ሲመለስ ፎልደሩ ሁሉ ሾርትከት ሆኗል። ፋይሎቹ አልጠፉም፣ ተደብቀዋል። ሾርትከቱን ሲጫኑት ፎልደሩ እንደወትሮው ይከፈታል፤ ከጀርባ ግን የማልዌሩ ስክሪፕትም (የትእዛዝ ፋይሉ) አብሮ ይነሳና ላፕቶፑ ላይ ይሰፍራል፣ ከዚያ ቀጥሎ የሚሰካውን ፍላሽ ይጠብቃል። «አትሪብ» የምትባለዋን ትእዛዝ ሁሉም በቃሉ ያውቃታል፤ የተደበቀውን አውጥቶ ይገላገላል። ስክሪፕቱ የት ተቀመጠ፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ማን ይቀሰቅሰዋል፣ ከውጭስ ማንን ያነጋግራል ብለው የጠየቁኝ በ6 ዓመት ውስጥ ሁለት ልጆች ናቸው። አንደኛዋ በነጥብ ከክፍሉ መሃል ነበረች። ስለዚህ መመልመያው በውጤት ብቻ እንዳይሆን። የመጀመሪያው ሳምንት ልምምድ የተበከለ ፍላሽ፣ ከኔትወርክ የተነጠለ አሮጌ ኮምፒውተር፣ ወረቀትና እርሳስ ይሁን፤ ያዩትን በቅደም ተከተል ይጻፉ።

አባል (ሜሪላንድ)፦
ሰላም ከማዶ። የእህታችንን ሐሳብ እደግፋለሁ። የጎደለ የሚመስለኝ «ከተያዝን በኋላስ?» የሚለው ነው። ኖትፔትያ የተባለውን ማልዌር አስታውሱ፤ እንደ ፈረንጆቹ ሰኔ 27 ቀን 2017 ነው። የዩክሬን ድርጅቶች ለግብር የሚጠቀሙበት የሒሳብ ሶፍትዌር ላይ በማሻሻያ ስም ገባና ሜርስክን የሚያህል የመርከብ ድርጅት ዘረረው። ዶሜይን ኮንትሮለሮቹ (ማን ወደ ኔትወርኩ እንደሚገባ የሚቆጣጠሩት ሰርቨሮች) በየአገሩ ነበሩ፣ አንዱ የሌላው ባክአፕ ነው ተብሎ ታስቦ፤ ሁሉም አንድ ላይ ጠፉ። የተረፈው ጋና ያለው ብቻ ነው፤ ለምን ቢባል እዚያ መብራት ጠፍቶ ስለነበር! ዳታውን የማገገሙ ሥራ ወደሚመራበት ወደ እንግሊዝ በኢንተርኔት እንላክ ቢሉ መስመሩ ቀጭን ሆነ፤ የጋና ሠራተኞች የእንግሊዝ ቪዛ ስላልነበራቸው አንዱ ናይጄሪያ ድረስ በርሮ ሃርድ ዲስኩን አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ለሌላ አስረከበ። ድርጅቱ በ10 ቀን 4,000 ሰርቨርና 45,000 ኮምፒውተር እንደ አዲስ ጫነ። ይህን ሁሉ የሠራው ማልዌር ፈቺ አይደለም፤ ባክአፕ የሚያውቅ፣ ኔትወርክ የሚያውቅ፣ ስልክ ይዞ ሰው የሚያረጋጋ ሰው ነው። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ለማገገም ይሰጥ።

ገንዘብ ያዥ፦
መብራት ኃይል ባክአፕ ነው በሉኛ! ለማንኛውም ስለ ገንዘቡ፦ የ20 ሰው ዓለም አቀፍ የብቃት ማረጋገጫ ፈተና በዶላር ነው የሚከፈለው፣ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ደግሞ ዶላር የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ። ረቂቁ ላይ ያለው የፈተና መስመር ብቻ የበጀቱን ግማሽ ይበላል። የኔ ሐሳብ፣ 12 ሰው፣ ፈተናው ልምምዱን ለጨረሰ ብቻ፣ የተረፈው ለኮምፒውተር። 8 ጊጋ ራም ይዞ ሁለት ቨርቹዋል ማሽን (በኮምፒውተሩ ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒውተር የሚሠራ) ማስነሳት መከራ ነው፤ 16 ያላቸው ያገለገሉ ዴስክቶፖች ይገዙ።

አባል (ባንክ፣ አዲስ አበባ)፦
ጋሼ እንዳሉት 12 ይበቃል። አንድ ነገር ልጨምር፦ ጽሑፍ። በየሳምንቱ አንድ ገጽ ሪፖርት በእንግሊዝኛ፣ አንድ አንቀጽ ደግሞ ኮምፒውተር ለማይገባው ሥራ አስኪያጅ በአማርኛ ይጻፍ። «ራንሰምዌር ገብቷል» (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ማልዌር) ማለት ብቻውን ዋጋ የለውም። «የሒሳብ ክፍል ሦስት ኮምፒውተሮች ተቆልፈዋል፣ ከኔትወርክ ነጥለናቸዋል፣ የትናንት ማታው ባክአፕ ደህና ነው፣ ዛሬ ክፍያ አይፈጸምም» ያስፈልጋል። ብዙ ብርቱ ልጆች እዚህ ላይ ሲወድቁ አይቻለሁ።

አባል (ሜሪላንድ)፦
ልክ ብለሃል። እዚህ ሌሊት ሰባት ሰዓት ሲሆን እናንተ ጋ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው (በበጋችን)። የሌሊት ፈረቃ ሰው ማግኘት እዚህ ፈተና ስለሆነ ከርቀት ሥራ በር ሊከፈት ይችላል፤ ግን እንግሊዝኛው በጽሑፍ መቻል አለበት።

ጸሐፊ፦
ተግባባን መሰለኝ። ርዕሱ «የማልዌር ጥቃትን መለየት፣ መግታትና ማገገም» ሆነ። 12 ሠልጣኝ፣ 4 ወር፤ ሪቨርስ ኢንጂነሪንግ ለመጨረሻዎቹ ሦስት ሳምንታት፣ ለሚፈልግ ብቻ። ምልመላው በተግባር ፈተና። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ 958/2008 ስላለ የማልዌር ናሙናዎቹ ከክፍሉ እንዳይወጡ የመዝገብ ደንብ እኔ እጽፋለሁ። የቀረው፦ አሮጌ ኮምፒውተር ማን ይሰጣል? የተበከለ ፍላሽስ ከየት ይመጣል?

መምህርት (ባሕር ዳር)፦
ፍላሹን ለእኔ ተዉት። አዲስ ገዝቼ ፎቶኮፒ ቤት አንድ ገጽ አሳትምበታለሁ።

ጸሐፊ፦
እሺ፤ ቀይ ፕላስተር ይለጠፍበት፣ ከራስዎ ፍላሽ ጋር እንዳይቀላቀል።