በግ እረኛውን ሒሳብ ይጠይቃል ወይ?

የሽምብጥ ልጅ፦
ከእሑድ ጀምሮ ሆዴ እየተቃጠለ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ስብሰባ ነበረን። አንድ ልጅ ነጠላውን አደግድጎ ተነሣና «ለጣሪያው ቆርቆሮ የተዋጣው ገንዘብ ስንት ደረሰ?» ብሎ ጠየቀ። ሰብሳቢው «በግ እረኛውን ሒሳብ አይጠይቅም» አሉት። ግማሹ ሰው አጨበጨበ። ልጁም አንገቱን ደፍቶ ቁጭ አለ። እናቴ ጎመን ሸጣ 200 ብር ሰጥታለች። የት እንደገባ መጠየቅ ኃጢአት ነው?

ዲያቆን ነኝ፦
ወንድሜ፣ ማዘንህ ይገባኛል። ግን የቤተ ክርስቲያን ገመና እንዲህ አደባባይ ይወጣል? ካም የአባቱን ዕርቃን አይቶ ለወንድሞቹ በማውራቱ የመጣውን ታውቃለህ። ዕብራውያን 13፥17 «ለዋኖቻችሁ ታዘዙና ተገዙ» ነው የሚለው። «መርምሯቸው» አይልም።

ቤርያዊ፦
ዲያቆን፣ ጥቅሱን ጨርሰው እንጂ! እዚያው ላይ መሪዎቹ «ስሌትን እንደሚሰጡ» ሆነው ይተጋሉ ይላል። ስሌት ሒሳብ ነው። ታዘዙ ያለው ቃል ራሱ መሪውን ባለዕዳ አድርጎታል።

ዲያቆን ነኝ፦
ስሌቱን የሚሰጡት ለእግዚአብሔር ነው። ለእኔና ለአንተ አይደለም።

ቤርያዊ፦
ሳሙኤል ለማን ሰጠ ታዲያ? አንደኛ ሳሙኤል 12ን አንብብ። አርጅቶ፣ ጠጉሩ ሸብቶ፣ ሕዝቡ ፊት ቆመ። የማንን በሬ ወሰድሁ? የማንን አህያ ወሰድሁ? ከማን እጅ ጉቦ ተቀበልሁ? ብሎ ጠየቃቸው። ማንም ሳያስገድደው ነው። ሕዝቡም «አልበደልኸንም» ብሎ መሰከረለት። ነቢይ ነው! በሬና አህያ እየቆጠረ ለበጎቹ ሒሳብ ሰጠ።

የማርያም ልጅ፦
ቤርያዊ፣ አንተ የኛ ቤት ሰው አይደለህም። በራሳችሁ አዳራሽ ስንት ጉድ እያለ እኛ ጋ ምን አመጣህ?

ቤርያዊ፦
እውነትሽን ነው፣ እኛም ጋ አለ። «የቀባኋቸውን አትዳስሱ» እየተባልን ዝም ያልንበት ጊዜ ብዙ ነው። ነገሩ ያመመኝም ለዚያ ነው።

ቆራጣ ማዶ፦
እኛ የጣና ዳር ሰዎች ይህን ክርክር ከሌላ ቦታ መዋስ የለብንም። ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ እዚሁ ናት፤ ቆራጣ ላይ ቤተ ክርስቲያኗ አለ። ባሏ የንጉሡ የጦር አለቃ ነበር። ጳጳሱ አቡነ ስምዖን ሲገደሉ ባሏንና ቤቷን ጥላ ወጣች። ንጉሥ ሱስንዮስ ካቶሊክ ሁኑ ሲል እንቢ አለች፣ ተሰደደች። ወንዱም ሴቱም ተከተላት። ንጉሡም ብዙ ሺህ ሰው ካለቀ በኋላ በ1624 ዓ.ም. የቀደመውን ሃይማኖት መልሶ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲል ለቀቀ። «ለዋኖቻችሁ ታዘዙ» የሚለውን እሷ አላነበበችውም ልትሉን ነው?

ዲያቆን ነኝ፦
እታለም፣ አታምታቺ። እናታችን የተነሣችው ለሃይማኖት ነው፤ ለቆርቆሮ አይደለም።

የሽምብጥ ልጅ፦
«ለቆርቆሮ» አልክ? ያ ቆርቆሮ እኮ የእናቴ ጎመን ነው። ሌሊት 10 ሰዓት ተነሥታ፣ በጤዛ ቆርጣ፣ ተሸክማ ገበያ ያወረደችው። እግዚአብሔር የመበለቲቱን 2 ሳንቲም ቁጭ ብሎ አይቷል። እኛ «ቆርቆሮ» ብለን እናቃልለው?

ቤርያዊ፦
ጳውሎስም አላቃለለውም። ለኢየሩሳሌም ድሆች የተሰበሰበውን ገንዘብ ብቻውን አልያዘም። ማንም እንዳይነቅፈን ብሎ ከቲቶ ጋር ሌሎች ወንድሞችን ላከ። ሁለተኛ ቆሮንቶስ 8 ነው። በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት መልካም የሆነውን እናስባለን ይላል። ዲያቆን፣ «በሰውም ፊት» የሚለውን እንዴት ታየዋለህ?

የድሮ ገንዘብ ያዥ፦
ልጆቼ፣ እኔም ልናገር። ሰበካ ጉባኤ ውስጥ 6 ዓመት ገንዘብ ይዣለሁ። ሙዳየ ምጽዋት ሲከፈት ብቻዬን ነክቼው አላውቅም። ካህን፣ ምእመን፣ የሰንበት ተማሪ ከበን ተቀምጠን ሳንቲሙን ሰፌድ ላይ እንዘረግፋለን። እጃችን እስኪጠቁር እንቆጥራለን። የሰበካ ጉባኤው ደንብ፣ ቃለ ዓዋዲው፣ ሦስቱንም ወገን በጉባኤው ያስገባው በከንቱ አይደለም። ስለዚህ «በግ አይጠይቅም» ማለት ከኛው ሥርዓት ውጪ ነው። ግን እናንተንም ልውቀስ። የዓመቱን ሪፖርት ስናነብ ስንት ሰው ይቀመጥ ነበር? 12፣ 15። ሌላው ጠበሉን ጠጥቶ ይሄዳል። መሪውን ብቻውን የተወው ተከታይ እኮ ነው።

የሽምብጥ ልጅ፦
አባባ፣ ይህን እቀበላለሁ። እኔም ከሚሄዱት አንዱ ነበርኩ።

የማርያም ልጅ፦
እኔን የከነከነኝ ጭብጨባው ነው። ጸሎተ ሐሙስ ዕለት አባታችን ዝቅ ብለው በወይራና በወይን ቅጠል እግሬን አጥበውኛል። ጎንበስ ሲሉ ወገባቸው እንዳመማቸው አይቻለሁ። አልቅሻለሁ። እግሬን ለማጠብ ያልተጠየፈ አባት 2 መስመር ሒሳብ ቢነግረን ክብሩ ይቀንሳል? እሳቸውማ ቢጠየቁ ይናገሩ ነበር። እኛ ነን ጠያቂውን በጭብጨባ ያስቀመጥነው።

ዲያቆን ነኝ፦
ይህ ልቤን ነክቶታል። ቢሆንም ሥርዓት አለ። ማቴዎስ 18 መጀመሪያ ለብቻ፣ ከዚያ 1 ወይም 2 ይዘህ ነው የሚለው። ልጁ በቀጥታ ጉባኤ ላይ ለምን ተነሣ?

የሽምብጥ ልጅ፦
ቢሮ 2 ጊዜ ሄዷል። ሁለተኛውን አብሬው ነበርኩ። «ሰኞ ኑ» ተባልን። ሰኞ ተዘግቶ ጠበቀን።

ዲያቆን ነኝ፦
ማቴዎስ 18 «ወንድምህ ቢበድልህ» ነው የሚለው። «አባትህ» አላለም።

ቤርያዊ፦
ጳውሎስ ጴጥሮስን ፊት ለፊት ሲቃወመውስ?

ዲያቆን ነኝ፦
ሐዋርያ ለሐዋርያ ነው። እኔና አንተ ጳውሎስ ነን?

ቆራጣ ማዶ፦
ወለተ ጴጥሮስ ሐዋርያ ነበረች?

ዲያቆን ነኝ፦
አሁንም ወደ እሷ! ያ የሃይማኖት ነገር ነው አልኩ።

የሽምብጥ ልጅ፦
የፊታችን እሑድ ያንኑ ጥያቄ እኔ እጠይቃለሁ። ዲያቆን፣ ትመጣለህ?

ዲያቆን ነኝ፦
እመጣለሁ። ከጮህክ ግን ካንተ ጋር አልቆምም።

የሽምብጥ ልጅ፦
ያ ልጅም አልጮኸም።