የመኪናዬ አምፕ (አምፕሊፋየር) «3000 ዋት» ይላል፤ ስንት ቁጥር ገመድ ልግዛ?

ኮሮላው፦
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዬ የ2004 ኮሮላ ናት። አጎቴ ከዱባይ ሲመጣ ሞኖ አምፕሊፋየርና ባለ 12 ኢንች ሰብዉፈር ይዞልኝ መጣ። አምፑ ላይ በትልቁ 3000 ዋት ተጽፏል። መርካቶ ወርጄ «ባለ 4 ቁጥር» የተባለ የገመድ ኪት ገዛሁና አስገጠምኩት። ባትሪው ፊት ነው፣ አምፑ የኋላ ኮፈን ውስጥ። ገመዱ 5 ሜትር ያህል ይሆናል።

ድምፁ ያምራል። ግን ቤዙ በመታ ቁጥር የፊት መብራቴ ይደበዝዛል። ድምፁን ከፍ ሳደርገው ደግሞ አምፑ ለአፍታ ጠፍቶ ይመለሳል። አንዱ ባለሙያ «ገመዱ ቀጭን ነው፣ ባለ 0 ካላስገባህ አይሆንም» አለኝ። ሌላው «ገመዱ ይበቃል፣ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ ቶሎ የሚለቅ ዕቃ) ግዛ» አለኝ። ሁለቱንም ለመግዛት ኪሴ አይፈቅድም። የቱን ልስማ?

ቤዝ በቀበና፦
ባለ 0 ግዛና ተገላገል ብሮ። ወፍራም ገመድ ማንንም ጎድቶ አያውቅም።

ባለቴስተሩ፦
ኪሱን ይጎዳዋላ! ወንድሜ ኮሮላው፣ ምንም ሳትገዛ ሁለት ነገር እይልኝ። አንደኛ፣ አምፑ ላይ የተሰኩትን ፊውዞች ቁጠርና ስንት ስንት አምፔር እንደሆኑ ጻፍልኝ። 3000 የሚለው ለሻጩ የተጻፈ ነው፤ ገመድ የሚመረጠው በውስጡ በሚያልፈው አምፔር ነው። ሁለተኛ፣ ከገመዱ ጫፍ አንዷን ክር አውጣና በምላጭ ፋቅ ፋቅ አድርጋት። ከላይ ቀይ ሆና ውስጧ ነጭ ከሆነ መዳብ የለበሰ አልሙኒየም ነው። መጀመሪያ ግን የባትሪውን ገመድ ፍታ፣ እሳት እንዳትጭር።

ኮሮላው፦
ጋሼ አመሰግናለሁ። ፊውዞቹ ሁለት ናቸው፣ ሁለቱም ባለ 40። ክሯን ፋቅኳት፤ ነጭ ናት! ሻጩ ግን መዳብ ነው ብሎ ነው የሸጠልኝ።

ባለቴስተሩ፦
እንደዚያ የማይል ሻጭ የት አለ። ሌላ ጊዜ ገመድ ስትገዛ አስመዝነው። 5 ሜትር እውነተኛ ባለ 4 ቁጥር መዳብ፣ ላስቲኩን ሳይጨምር አንድ ኪሎ ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። አልሙኒየሙ ከዚያ ግማሽም አይደርስም። የውጪውን ውፍረት አትመን፤ አንዳንዱ ላስቲኩ ወፍራም፣ ብረቱ ቀጭን ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ሁለት ባለ 40 ማለት 80 አምፔር ነው። በ13.8 ቮልት ስታባዛው 1100 ዋት ገደማ ከባትሪ ይስባል። ከዚያ ውስጥ ጥሩ ክላስ ዲ (ኤሌክትሪክ ብዙ የማያባክን ዓይነት) አምፕ 80 በመቶውን ወደ ድምፅ ይቀይራል፣ የቀረው ሙቀት ነው። ስለዚህ ያለህ 900 ዋት እንኳ የማይሞላ አምፕ ነው። አትዘን፣ 900 ዋት ለአንድ ባለ 12 ኢንች ከበቂ በላይ ነው። ጎረቤት ያማርራል።

ገመዱን በቁጥር ብቻ ሳይሆን በስኩዌር ሚሊሜትር አስበው። ቁጥሩ ሲያንስ ገመዱ ይወፍራል፤ ባለ 8 ቁጥር 8.4 ስኩዌር፣ ባለ 4 ደግሞ 21፣ ባለ 0 ደግሞ 53 ነው። ለመዳብ 0.0175ን በርዝመቱ ታባዛለህ፣ ለስኩዌሩ ታካፍላለህ፣ በአምፔሩ ታባዛለህ። የሚወጣው ቁጥር መንገድ ላይ የሚቀልጠው ቮልት ነው። በአንተ 5 ሜትርና 80 አምፔር ባለ 8 ቁጥር 0.8 ቮልት ይበላል፣ ባለ 4 መዳብ 0.33፣ ባለ 0 ደግሞ 0.13። አልሙኒየም ሲሆን በ1.6 አባዛው፤ ያንተ «ባለ 4» 0.5 ቮልት ይበላል ማለት ነው፣ ያውም ውፍረቱ እውነተኛ ከሆነ። እኔ ስሠራ ፖዘቲቩና ግራውንዱ (የኔጌቲቩ መስመር) ተደምረው ከግማሽ ቮልት እንዲያልፉ አልፈቅድም። ለአንተ እውነተኛ ባለ 4 ወይም 25 ስኩዌር መዳብ በቂ ነው። ባለ 0 ከዚያ የሚቆጥብልህ 0.2 ቮልት ነው፤ በጆሮህ አትለየውም።

ካፓሲተሩንም እናስላው። ባለ 1 ፋራድ ከ14 ወደ 13 ቮልት እስኪወርድ የሚሰጥህ 13.5 ጁል ነው። 1100 ዋት ለሚስብ አምፕ ይህ ከ12 ሚሊሰከንድ ብዙም አያልፍም። አንድ የቤዝ ምት እንኳ ከዚያ ይረዝማል። የካፓሲተሩ ሰማያዊ መብራት ግን ያምራል፣ አልክድም።

አሁንም ግን አትግዛ። መብራትህ የሚደበዝዘው በገመዱ ነው ወይስ በዲናሞው? ይህን የሚነግርህ ቴስተር ብቻ ነው። ሞተሩን አስነሳ፣ ጓደኛህ ነዳጅ ረግጦ ወደ 2000 ዙር ይያዘው፣ የፊት መብራት ይብራ። ከስልክህ 50 ኸርዝ ድምፅ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ልቀቅ፤ ካስረዘምከው የሰብዉፈሩን መጠምጠሚያ ታቃጥለዋለህ። መጀመሪያ ባትሪው ላይ ለካ፣ ቀጥሎ አምፑ ተርሚናል ላይ። ከዚያ ቴስተሩን ከአምፑ ፖዘቲቭ እስከ ባትሪው ፖዘቲቭ፣ ከአምፑ ኔጌቲቭ እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ አድርገህ ለየብቻ ለካ። ረጅም ቀጭን ሽቦ ጨምርበት። የዲናሞህንም አምፔር ከላዩ አንብብ።

የኤሌክትሪኩ ዘመን፦
ጋሼ፣ በመሀል ስለገባሁ ይቅርታ። እኔ ኤሌክትሪክ መኪና ነው የገዛሁት። ዲናሞ የለውም፤ የእኔስ በምን ይሰላል?

ባለቴስተሩ፦
ከ2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ የቤንዚን መኪና ማስገባት ስለተከለከለ ይህ ጥያቄ እየበዛ ነው። የገመዱ ሒሳብ ያው ነው። 12 ቮልቱን ባትሪ የሚሞላው ግን ከትልቁ ባትሪ ቮልት የሚያወርድ መቀየሪያ ነው። ስንት አምፔር እንደሚሰጥ ሳታውቅ ትልቅ አምፕ አትግጠም፤ ፍሬንና መሪ የሚረዱት ኮምፒውተሮችም ከዚያው ነው የሚመገቡት። ብርቱካናማ ገመድ ካየህ ደግሞ እጅህን ሰብስብ። በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ነው፤ እኔም አልነካውም።

ስደተኛው ከዱባይ፦
ኮሮላው፣ እዚህ ንጹህ መዳብ እንደ ልብ ነው። 5 ሜትር ባለ 0 በሰው ልላክልህ?

ባለቴስተሩ፦
እግዜር ይስጥልን፣ ግን መዳቡ ብቻ 2.4 ኪሎ ነው። የሰውዬውን ሻንጣ አታስጨንቅ። እዚሁ የብየዳ ገመድ ይሠራል። 25 ወይም 35 ስኩዌር ንጹህ መዳብ ሆኖ ክሮቹ ጸጉር ናቸው፣ እንደ ልብ ይታጠፋል። የሚጠላው ዘይትና ሙቀት ነው፤ ሞተሩ ጋ በሚያልፍበት መከላከያ ቱቦ ውስጥ አስገባው። ይህንንም በምላጭ ፋቀው፣ የአልሙኒየም የብየዳ ገመድም ገበያ ላይ አለ። የቤት መስመር ገመድ ግን ለመኪና አትጠቀም። ሰባት ወፍራም ክር ነው፤ ደርቆ ይቆማል፣ በንዝረት ይላላል።

ኮሮላው፦
ጋሼ ለካሁ! ዲናሞው ላይ 80 አምፔር ይላል። ቤዙ ሳይመታ ባትሪው 13.9፣ ሲመታ 13.2። አምፑ ጋ ሲመታ 12.2። ለየብቻ ስለካ ፖዘቲቩ 0.4፣ ኔጌቲቩ 0.6 አሳየኝ። ኔጌቲቩ ግን አጭር ነው፣ ክንድ አይሞላም! ኮፈኑ ውስጥ ላሜራው ላይ በብሎን ነው የታሰረው።

ባለቴስተሩ፦
ይኸው። ባለ 0 ብትገዛ ፖዘቲቩን ነበር የምታሻሽለው፤ ትልቁ ሌባ ግን ግራውንዱ ጋ ነው የተቀመጠው። አስሮ የሄደው ሰው ቀለሙን ፍቆት ይሆን? እርግጠኛ ነኝ አልፋቀውም። ብሎኑን ፍታ፣ ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ፋቀው፣ ባለ ጥርስ ሮንዴላ አስገብተህ አጥብቀህ እሰር። ሲያልቅ ዝገት እንዳይበላው ከላዩ ቀለም ወይም ግሪስ ቀባው። የወንበር ቀበቶ የታሰረበትን ብሎን ግን አትፍታ። ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ቦዲ የሚሄደውን የፋብሪካውን ገመድም እየው። በባትሪውና በኋላው ኮፈን መካከል ያለው የኔጌቲቩ መንገድ ቦዲው ስለሆነ፣ ያ ከሳሳ የኋላው ቢወፍር ዋጋ የለውም። እሱን በ25 ስኩዌር ደርበው።

ባትሪው ራሱ ወደ 13.2 የወረደው የዲናሞው ድርሻ ነው። 80 አምፔር ለአንተ አምፕ ብቻ ነው የሚበቃው፤ መብራቱ፣ ነዳጅ ፓምፑና ሌላውም ይካፈሉታል። መብራትህ ትንሽ መደብዘዙ አይቀርም። ቆመህ ሞተሩ በራሱ ዙር ሲሠራ ዲናሞው ከ80 በጣም ያነሰ ነው የሚያመነጨው፤ ስለዚህ ቆመህ አታስጮኸው።

ቤዝ በቀበና፦
እሺ ተረታሁ። ግን አልሙኒየሙን ይተወው ወይስ ይቀይረው?

ባለቴስተሩ፦
ግራውንዱ ከተስተካከለ 0.4 ቮልቱን ችሎ መንዳት ይችላል። ብር ሲያገኝ በ25 ስኩዌር መዳብ ይቀይረው። አንድ ጥያቄ ግን ቀረኝ። ኮሮላው፣ ከባትሪው ገመዱ ላይ እስከተሰካው ትልቁ ፊውዝ ስንት ሳንቲሜትር ነው?

ኮሮላው፦
ፊውዙ አምፑ አጠገብ ነው ጋሼ፣ ኮፈኑ ውስጥ። ለመቀየር እንዲመቸኝ ብለው ነው።

ባለቴስተሩ፦
በል ዛሬውኑ የባትሪውን ጫፍ ፍታና ተወው። 5 ሜትሩ ሁሉ ያለ ጥበቃ ነው። ገመዱ የሞተሩን ላሜራ በስቶ ሲያልፍ ላስቲኩ ቢቆረጥ፣ ፊውዙ ከኋላ ተቀምጦ መኪናህ ስትቃጠል ያያል። ፊውዝ ገመዱን ነው የሚጠብቀው፣ አምፑ የራሱ አለው። ከባትሪው በ45 ሳንቲሜትር ውስጥ ባለ 80 አስገባ፣ ቀዳዳው ላይ ጎሚኒ አድርግ፣ ከዚያ በኋላ ሙዚቃ። አልሙኒየሙን እስክትቀይር ከ80 በላይ የሆነ ፊውዝ እንዳትሰካ፤ ቢቃጠልብህም ድምፁን ቀንስ እንጂ ባለ 100 አታድርግበት።

ኮሮላው፦
ፈታሁት ጋሼ። ነገ ጠዋት ፊውዝ ፍለጋ ሶማሌ ተራ እወርዳለሁ።