ዴሬክ ዋልኮት፦ ሠዓሊነቱ ለተውኔቱ ምን አበረከተ?

ጥያቄ (ከጅማ)

የተከበራችሁ አንባብያን፣ ጅማ ውስጥ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሥዕልና የቴአትር ክበባትን አስተባብራለሁ። ሁለቱ ክበባት በየፊናቸው ስለሚሠሩ፣ ሥዕልንና ተውኔትን በአንድ ሕይወት ያዋሐደ ሰው ታሪክ ለተማሪዎቼ ለማቅረብ አስቤ በካሪቢያን ባሕር ካለችው ከሴንት ሉሺያ ደሴት የተገኘውን ዴሬክ ዋልኮትን መርጫለሁ። በ1992 እ.ኤ.አ. የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ስላገኘ በገጣሚነቱ የሚያውቁት ብዙዎች ናቸው፤ እኔ ግን ሠዓሊነቱ ለተውኔቱ በተግባር ምን እንዳበረከተና ቤተሰቡ በዚህ ውስጥ ምን ድርሻ እንደነበረው እንድትነግሩኝ እጠይቃለሁ።

መልስ 1

ከቤተሰቡ መጀመር ይሻላል። ዋልኮትና መንትያ ወንድሙ ሮደሪክ በ1930 እ.ኤ.አ. በካስትሪስ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ዋርዊክ የመንግሥት ሠራተኛ ሆኖ በትርፍ ጊዜው በውሃ ቀለም ይስልና ግጥም ይጽፍ ነበር፤ ነገር ግን መንትዮቹ አንድ ዓመት አልፏቸው ብዙም ሳይቆዩ ሞተ። እናታቸው አሊክስ መምህርት ነበረች፤ በልብስ ስፌት ገቢዋን እየደጎመች ያሳደገቻቸውም፣ ከሼክስፒር ተውኔቶች የምትወዳቸውን ክፍሎች ቤት ውስጥ በቃሏ ታሰማቸው የነበረችውም እሷ ናት። ስለዚህ ሥዕልን ሟች አባቱ ትቷቸው ባለፉት ሥራዎች ሲያውቅ፣ ቴአትርን የሰማው ከእናቱ አንደበት ነው። ወጣቱ ዋልኮት የመጀመሪያ የግጥም መድበሉን ለማሳተም የሚያስፈልገውን 200 ዶላር የሰጠችውም እናቱ መሆኗን ለተማሪዎችዎ ቢነግሯቸው ደስ ይለኛል።

ሥዕልን ያስተማረው ሃሮልድ ሲመንስ ሲሆን፣ አብሮት የተማረው ደንስታን ሴንት ኦመር በኋላ የሴንት ሉሺያን ሰንደቅ ዓላማ የነደፈው ሠዓሊ ነው። ዋልኮት የራሱን ሕይወት በተረከበት ረጅም ግጥም ውስጥ የቀለም ጸጋ ለጓደኛው እንደተሰጠ፣ የእሱ ግን ቃል እንደሆነ ይናገራል። ይህን ካወቀ በኋላም ብሩሹን አልጣለም።

መልስ 2

በተግባር ስላበረከተው ነገር ልጨምር። ዋልኮት በ1959 እ.ኤ.አ. በትሪኒዳድ የቴአትር ቡድን መሥርቶ ለረጅም ዓመታት አዘጋጅ ሆኖ ሲመራ፣ የተውኔቶቹን ትዕይንቶችና የገጸ ባሕርያቱን አልባሳት በውሃ ቀለም ይነድፍ ነበር። አንድ ተዋናይ የት እንደሚቆም፣ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣና ልብሱ ከኋላው ካለው ቀለም ጋር እንዴት እንደሚታይ አስቀድሞ በወረቀት ላይ ማየት የሚችል አዘጋጅ፣ ሐሳቡን ለተዋንያኑ በቃል ብቻ ለማስረዳት አይገደድም። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን፣ ልምምድ ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱን ትዕይንት የሥዕል ክበቡ አባላት እንዲነድፉት አደርግ ነበር።

መልስ 3

ከላይ የተባለውን ሁሉ እቀበላለሁ፤ ሮደሪክ ግን በስም ብቻ መጠቀሱ አግባብ አይመስለኝም። ሁለቱ ወንድማማቾች የሴንት ሉሺያን የኪነ ጥበብ ማኅበር በ1950 እ.ኤ.አ. ሲመሠርቱ ተሳታፊ ነበሩ፤ ዴሬክ ለትምህርት ወደ ጃማይካ ሲሄድ ደሴቲቱ ላይ ቀርቶ ማኅበሩን የመራው፣ ተውኔቶችም የጻፈው ሮደሪክ ነው።

ለጅማ ተማሪዎች ሌላም የሚቀርብ ነገር አለ። በሴንት ሉሺያ ልጆች ቤት የሚናገሩት ክሪዮል (ከፈረንሳይኛ የመነጨ የአካባቢው ቋንቋ) እና በትምህርት ቤት የሚማሩበት እንግሊዝኛ የተለያዩ ሲሆኑ፣ ዋልኮት የዓሣ አጥማጁንና የከሰል አክሳዩን አነጋገር ወደ መድረክ አውጥቶታል። አፋን ኦሮሞና አማርኛ በአንድ ክፍል ውስጥ የሚነገሩበት ክበብ ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። በተጨማሪም በ1976 እ.ኤ.አ. ያቀረበው «ኦ ባቢሎን!» የተባለ ሙዚቃዊ ተውኔት፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1966 እ.ኤ.አ. ጃማይካን ሲጎበኙ በኪንግስተን ይኖሩ ስለነበሩ ራስ ተፈሪያውያን የሚተርክ ስለሆነ፣ ሁለቱ ክበባት በጋራ ሊነድፉትና ሊተውኑት የሚችሉትን አንድ ትዕይንት ከዚያ ቢመርጡ መልካም ነው።