40 ሰው «አለሁበት» ብሎ 5 ሰው ሲመጣ፦ የሊኑክስ ተጠቃሚዎችን በአካል ማገናኘት የሞከራችሁ?

ባለፔንግዊኑ፦

ሰላም ወገን። በአጭሩ ልጽፍ ብዬ ሦስቴ አጥፍቼ ጀምሬዋለሁ፣ ከረዘመ ይቅርታ።

ኡቡንቱ (በዊንዶውስ ፈንታ ኮምፒውተር ላይ የሚጫነው የሊኑክስ ሲስተም አንዱ ዓይነት) መጠቀም ከጀመርኩ አራት ዓመቴ ነው። ፕሮግራመር አይደለሁም፣ ሙያዬ ሒሳብ ነው። የማውቀው ሰው ሁሉ ዊንዶውስ ስለሚጠቀም አንድ ነገር ሲበላሽብኝ የማማክረው የለኝም፣ እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ጥቁሩ ስክሪን ላይ አፍጥጬ አውቃለሁ። ባለፈው ወር አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ «ለምን በአካል አንገናኝም?» ብዬ ጣል አደረግኩ። ግሩፑ ተንጫጫ። 40 ሰው «አለሁበት» አለ።

የመጣው 5 ነው። እኔን ጨምሮ። ስድስተኛውም መጥቶ ነበር ለካ፣ ግን እኔ ሞኙ ማስታወቂያው ላይ «8:00» ብዬ ስለጻፍኩ፣ ልጁ በቅርብ ከውጭ የተመለሰ ነው መሰለኝ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ጠዋት 2 ሰዓት ደርሶ፣ ፍርፍሩን በልቶ፣ ማንም ሲጠፋ ተናዶ ሄዷል። እስካሁን መልእክቴን አላነበበልኝም።

ካፌው ደግሞ ያለው አንድ ሶኬት ነው፣ እሱም ላይ ፍሪጅ ተሰክቷል። አንድ አንድ ማኪያቶ አዘን፣ አምስት ላፕቶፕ ዘርግተን ሁለት ሰዓት ስንቀመጥ አስተናጋጇ ጠረጴዛውን አራት ጊዜ መጥታ ጠረገችው። ገብቶናል። አንዱ ልጅ ስለ ሊኑክስ ታሪክ 30 ስላይድ ሠርቶ መጥቷል፦ ሊነስ ቶርቫልድስ፣ ሄልሲንኪ፣ 1991፣ ሁሉም አለ። ፕሮጀክተር ስለሌለ 14 ኢንች ስክሪን ላይ ተደራርበን አየን። ሰባተኛው ስላይድ ላይ ባትሪው ሞተ። ተሰነባበትን።

መቀጠል እፈልጋለሁ፣ ግን እንዴት? ቦታ የት ይሻላል? ሰው ሲገናኝስ ምን ይሠራል? አንዱ ደግሞ መጀመሪያ ኮሚቴ እናቋቁም፣ መተዳደሪያ ደንብ ይኑረን እያለኝ ነው። የሞከራችሁ ካላችሁ እስቲ።

አራት_ኪሎ_ድሮ፦

ደንብ የሚለውን ልጅ ሻይ ጋብዘህ በትህትና ሸኘው። ከልቤ ነው።

እኛም ተማሪ ሳለን ሞክረነዋል። ያኔ ኡቡንቱ ሲዲውን በነፃ በፖስታ የሚልክበት ዘመን ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ነው ያቆሙት። አድራሻህን ትሞላለህ፣ ሳምንታት ትጠብቃለህ፣ ከዚያ አንድ ቀን የፖስታ ሳጥኑን ስትከፍት ሲዲው ቁጭ ብሎ ታገኘዋለህ። አምስት ስድስት እያዘዝን ዶርም ለዶርም እናድል ነበር። ማንም ስብሰባ አልጠራም፣ ሲዲው ራሱ ነው ያገናኘን። «ይሄን እንዴት ልጫነው?» የሚል ሰው በር ያንኳኳል፣ ትረዳዋለህ፣ በሳምንቱ እሱ ሌላ ሰው ይዞ ይመጣል።

ከዚያ «ክበብ እንሁን» ተባለ። ሊቀመንበር፣ ምክትል፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ (ገንዘቡ የለም)። ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ደንቡን አንቀጽ በአንቀጽ ተወያየንበት። አንቀጽ 4 ላይ «አባል ማለት ማን ነው» በሚለው ሁለት ጓደኛሞች ተኳረፉ። በነዚያ ሦስት ቅዳሜዎች አንድ ኮምፒውተር አልተከፈተም። አራተኛው ላይ ሊቀመንበሩም ቀረ።

እድር ደንብ ያስፈልገዋል፣ ሰው ይሞታልና። እናንተ ጋ የሚሞተው ዋይፋይ ነው።

ቦታን በተመለከተ፣ አብርሆትን አስበህ ከሆነ ያምራል፣ ግን ቤተ መጻሕፍት ነው። አምስት ሰው አልነሳ ያለ ላፕቶፕ ከብቦ የሚጮህበት ቦታ አይደለም።

ክራክ_ንጉሥ፦

አትቆጡኝና፣ ሰው ለምን ብሎ ይመጣል? ሊኑክስ ነፃ ነው ትላላችሁ። ዊንዶውስም እኮ እዚህ ነፃ ነው። ሠፈሬ ያለ ልጅ ኦፊሱንም ፎቶሾፑንም በአንድ ፍላሽ ይጭንልኛል፣ የሻይ ነው የምሰጠው። «ነፃ» የሚለው ቃል የሚያጓጓው ፈቃድ የሚገዛን ሰው ነው።

ስላሽ_ጠጋኝ፦

ክራክ ንጉሥ ያለው ያናድዳል፣ ግን እውነት አለው። በዋጋ አታስተዋውቁት።

እኔ የምሠራው ያገለገለ ላፕቶፕ የሚሸጥበትና የሚጠገንበት ሱቅ ነው። ሰው ወደ እኛ የሚመጣው ወይ «ቀርፋፋ ሆነብኝ» ብሎ ነው ወይ «ቫይረስ በላው» ብሎ። በእጄ የሚያልፈው ስላሽ (ያገለገለ ላፕቶፕ) ደግሞ ፕሮሰሰሩ 4ኛ፣ 5ኛ፣ 6ኛ ጄኔሬሽን ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይጠይቃል፣ ኢንቴል ከሆነ በጥቅሉ ከ8ኛ ጄኔሬሽን በታች ያለውን አይቀበልም። ይሄ ሁሉ ጤነኛ ማሽን ታዲያ ምን ይሁን? ሊኑክስ ሚንት፣ ዙቡንቱ ምናምን የሚባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች የሚገቡት እዚህ ጋ ነው። ስለዚህ ወንድሜ፣ ማስታወቂያህ «የሊኑክስ ስብሰባ» አይበል። «የቆየ ላፕቶፓችሁን ይዛችሁ ኑ» ይበል። ስላይድም አያስፈልግም፣ ጠረጴዛው ላይ የታመመ ማሽን ካለ ወሬው ራሱ ይመጣል።

አይኤስኦዎቹን (የሊኑክስ መጫኛ ፋይሎቹን) ቤትህ ቀድመህ አውርድ፣ በካፌ ዋይፋይ 3 ጊጋ ላውርድ ያለ ሰው እስከ ፋሲካ ይቀመጣል። አንድ 32 ጊጋ ፍላሽ ላይ ቬንቶይ የሚባለውን ፕሮግራም ጫንበትና ፋይሎቹን ዝም ብለህ ኮፒ አድርግ፣ ማሽኑ ሲነሳ የቱን ልክፈት ብሎ ይጠይቅሃል። ዋይፋይ ካርዱ ብሮድኮም የሆነ ላፕቶፕ ከገጠመህ ደግሞ ድራይቨሩን (ካርዱን የሚያሠራውን ፕሮግራም) ለማውረድ ኢንተርኔት ትፈልጋለህ፣ ኢንተርኔት ለማግኘት ድራይቨሩን ትፈልጋለህ፣ እዚያው ስትዞር ትውላለህ። ስልክህን በኬብል ሰካና ዩኤስቢ ቴዘሪንግ (የስልኩን ኢንተርኔት ለላፕቶፑ ማካፈያውን) አብራ፣ ወዲያው ያየዋል።

አንድ ነገር ግን ከእኔ ጥፋት ተማሩ። አንዲት ልጅ ማሽኗን ሰጠችኝ። «ዳታሽን አውጥተሻል?» አልኳት። «አዎ» አለች። ለካ ያወጣችው ዴስክቶፕ ላይ ያለውን ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ዲስኩን ሙሉ በሙሉ አጥፋ የሚለውን መርጬ ቡናዬን ልጠጣ ወጣሁ። የመመረቂያ ጽሑፏ የዲስኩ ሌላ ክፍል፣ «ዲ» ላይ ነበር። አራት ቀን የጠፋ ፋይል በሚፈልገው ፎቶሬክ በሚባል ፕሮግራም ቧጥጬ ግማሹን አገኘሁት፣ ፎቶሬክ ግን የፋይል ስም አይመልስም፣ በቁጥር የተሰየመ ከሺህ በላይ ፋይል ነው የሰጠኝ። አጠገቤ ተቀምጣ አንድ በአንድ እየከፈተች «ይሄ ምዕራፍ ሁለት ነው፣ ይሄ አይደለም» ስትል እኔ ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም። ከዚያ ወዲህ ዳታው ሌላ ዲስክ ላይ መኖሩን በዓይኔ ካላየሁ አልነካም። እናንተም መጀመሪያ ሳትጭኑ በፍላሹ ብቻ አስነስታችሁ አሳዩት። ድምፁ ይሠራል? ዋይፋዩ? ካሜራው? ከዚያ ባለቤቱ ይወስን።

ቡና_በተርሚናል፦

አምና እንዲህ ያለ ስብሰባ ሄጄ ነበር። በር ላይ የቆመው ልጅ «ከማን ጋር መጣሽ?» አለኝ። ከላፕቶፔ ጋር አልኩት።

ከዚያ ሁለት ሰዓት ሙሉ ከሊኑክስ ዓይነቶች አርች ይሻላል ዴቢያን ይሻላል ክርክር። እኔ የሄድኩበት ጥያቄ አንድ ነበር፦ ሊብሬኦፊስ (እንደ ማይክሮሶፍት ኦፊስ ያለው ነፃ ፕሮግራም) ላይ አማርኛ በምን ልጻፍ? ይሄ ለእነሱ ቀላል ጥያቄ ስለሆነ ማንም አልመለሰልኝም፣ ቀላል ከሆነ ለምን አትመልሱትም? በመጨረሻ ጥግ ላይ ዝም ብሎ የተቀመጠ አንድ ልጅ አምስት ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ አሳየኝ። አይባስ የሚባለው የሊኑክስ ኪቦርድ መምረጫ ላይ ኤም17ኤን የሚባለውን ትጨምሪያለሽ፣ አማርኛ ሴራ የሚለውን ኪቦርድ ትመርጫለሽ፣ ከዚያ ቃሉን እንደሚሰማው በላቲን ፊደል ስትመቺው በግዕዝ ይወጣል፣ ትልቁ ቲ «ጥ»ን ይሰጣል፣ በቃ። በዚያች ቀን ያገኘሁት ጥቅም እሱ ብቻ ነው፣ ግን እስካሁን በየቀኑ እጠቀምበታለሁ። ይሄንንም በሱ ነው የምጽፈው።

የኛ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች የየቋንቋውን ፊደል የሚለዩበት የጋራ ሥርዓት) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፣ መሥሪያ ቤቴ ግን ዛሬም በድሮ ፎንት የተጻፈ፣ ስትከፍተው የላቲን ትርምስ የሚሆን ፋይል ይላክልኛል። የሰው ችግር እንዲህ ያለ ነው። ስለዚህ ባለፔንግዊኑ፣ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ «ምን አስቸገረህ? ምን አስቸገረሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። የአርች ልጆችን ሌላ ጠረጴዛ ስጧቸው።

ራይን_ዳር፦

ቡና በተርሚናል፣ የአርች ልጆች እዚህም ያው ናቸው፣ በጀርመንኛ ነው የሚጮኹት።

እዚህ ጀርመን የሊኑክስ ሰዎች ሲገናኙ ብዙ ጊዜ «ስታምቲሽ» ይሉታል፣ የደንበኞች ጠረጴዛ እንደማለት ነው። አንድ ምግብ ቤት፣ አንድ ጠረጴዛ፣ በየወሩ ያው ቀን። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ዝናብ ነበር፣ ማንንም አላውቅም፣ ቋንቋውም ገና ነው። ጠረጴዛው ላይ አንድ የጨርቅ ፔንግዊን፣ የሊኑክስ ምልክት፣ አየሁና ተቀመጥኩ። ማን ነህ ያለኝ የለም። ትንሽ ቆይቶ አንድ ሽማግሌ ፕሪንተር እንደ ሕፃን አቅፈው ገቡ። «አልታተም አለኝ» አሉና ከቢራው መሃል አስቀመጡት። ማታውን ሙሉ እሱን ስንፈታ አመሸን። አልተሠራም። በወሩ ይዘውት ተመለሱ።

አንዳንድ ወር ሦስት ሰው ብቻ ነን። ማንም አይደነግጥም፣ ቀኑም አይቀየርም። አንተ 5 ሰው መጣ ብለህ ነው የምታዝነው?

ትልቁንም የነፃ ሶፍትዌር ጉባኤ አይቻለሁ፣ ፎስዴምን፣ ብራስልስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በየዓመቱ ፌብሩዋሪ ገደማ ቅዳሜና እሁድ የሚደረገውን። ትኬት የለ፣ ምዝገባ የለ፣ ዝም ብለህ ትገባለህ። ችግሩ ክፍሎቹ ይሞላሉ፣ በሩ ላይ «ሞልቷል» የሚል ይለጠፋል። እኔ ግማሹን ጊዜ ያሳለፍኩት ኮሪደር ላይ ነው፣ ንግግሮቹን በኋላ በቪዲዮ አየኋቸው። የኮሪደሩን ወሬ ግን የቀረጸው የለም።

ባለፔንግዊኑ፦

አቦ እናንተ! ሁሉንም ሁለት ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ያን ስላይድ የሠራውን ልጅም አስነበብኩት፣ ትንሽ ከፋው፣ ከዚያ ቬንቶይ ፍላሽ አዘጋጃለሁ አለ።

ቦታ አግኝቻለሁ። የጓደኛዬ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ክፍል ቅዳሜ ከሰዓት ባዶ ነው፣ ጽዳቱን እኛ ከሠራን ኪራይ አልፈልግም ብሏል። የወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ፣ በእኛ ወር፣ ከምሳ በኋላ 8 ሰዓት (በሐበሻ! በሐበሻ!)። ኮሚቴ የለም። ደንቡ አንድ ነው፦ ባክአፕ (ሌላ ዲስክ ላይ ያለ የዳታው ኮፒ) ሳይታይ ማሽን አይነካም። ስላሽ ጠጋኝ፣ አንተ ካልመጣህ ይሄን ደንብ የሚያስከብር ሰው የለኝም። ቡና በተርሚናል፣ በር ላይ እኔ ነኝ የምቆመው፣ አማርኛ ኪቦርዱን ለሌላ ሰው የምታሳዪልን ከሆነ ደስ ይለኛል። ፍርፍር በልቶ የሄደው ልጅ ይሄን ካየህ፣ የቁርሱን እኔ ልክፈል።

ያልፈታሁት መብራቱን ነው። ክፍሉ ሦስት ሶኬት አለው፣ አንዱ ብልጭታ ያወጣል።

ክራክ_ንጉሥ፦

አንዲት 4ኛ ጄኔሬሽን ዴል አለችኝ፣ ለመነሳት ሩብ ሰዓት ትወስዳለች። ላምጣት? ዲቫይደር እኔ እይዛለሁ።