ሥራም ቤትም ሳይያዝ ዲሲ አካባቢ ለሚገባ፦ ከምን ይጀመር?

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። ባለቤቴና እኔ የዲቪ ቪዛችን ተመቶልናል፤ በሁለት ወር ውስጥ ደለስ ኤርፖርት እንገባለን። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ አንድ የሰፈራችን ልጅ ለሳምንት ሊያሳድረን ቃል ገብቷል። ከዚያ ወዲያ ቤትም ሥራም የለንም። ከምን እንጀምር? ስንት ዶላርስ ይዘን እንምጣ?

መልስ፦

እንኳን ደስ ያላችሁ። ወንድሜ፣ ከሥራውም ከቤቱም በፊት አድራሻውን አስተካክሉ። ግሪን ካርዱም ሶሻሉም (የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ካርዱ) የሚመጡት በፖስታ ነው፤ እናንተ ደግሞ ከዚያ ቤት በሳምንቱ ትወጣላችሁ። የግሪን ካርድ ፖስታ ወደ አዲሱ ቤታችሁ እንዲዞር ብትጠይቁም አይዞርም፣ ለላኪው ይመለሳል። ስለዚህ ያ ልጅ ለማደሪያ ሳምንት ቢሰጣችሁ እንኳ፣ አድራሻውን ለሦስት አራት ወር እንዲያውሳችሁ ከአሁኑ ለምኑት። ደለስ ላይ መኮንኑ አድራሻ ሲያጣራ ያንኑ ንገሩት። ቤት ስትቀይሩም በ10 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ በኢንተርኔት ይሞላል፣ ክፍያ የለውም።

የኢሚግራንት ክፍያውን፣ አሁን በሰው 235 ዶላር ነው፣ ከመሳፈራችሁ በፊት ክፈሉ። ካልተከፈለ ካርዱ አይላክም።

ካርዱ እስኪመጣ ግን ሥራ አይቆምም። ፓስፖርቱ ላይ ያለው ቪዛ የመግቢያ ማኅተም ካረፈበት ቀን ጀምሮ ለአንድ ዓመት እንደ ግሪን ካርድ ያገለግላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው ተሸውዶ የሚቀመጠው። ቀጣሪ «ካርዱን ካላመጣችሁ አልቀጥርም» ቢል፣ ቀጣሪ የሥራ ፈቃድ የሚያጣራበት አይ-ናይን የሚባለው ፎርም ይህንኑ ፓስፖርት እንደሚቀበል አሳዩት፤ ከተፈቀዱት ሰነዶች የትኛውን እንደሚያቀርብ የሚመርጠውም ሠራተኛው ነው። ሶሻሉን በቪዛ ማመልከቻው፣ በዲኤስ-260 ላይ ጠይቃችሁ ከሆነ በሦስት ሳምንት ገደማ ይደርሳል። ከዚያ ካለፈ ፓስፖርቱን ይዛችሁ ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ሂዱ፤ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ጊዜ መግደል ነው።

መልስ፦

ስለ ቤቱ እኔ ልጨምር። አፓርታማ ላይ ጊዜ አታጥፉ። ክሬዲት (የብድር አከፋፈል ታሪክ) ያያሉ፣ የኪራዩን ሁለት ተኩል ወይም ሦስት እጥፍ የሚሆን ገቢና ፔይ ስታብ (የደመወዝ ወረቀት) ይጠይቃሉ፤ እናንተ ሁለቱም የላችሁም። መጀመሪያ ከግለሰብ ክፍል ተከራዩ። ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ አሌክሳንድሪያ ባሉት የእኛ ሱቆች ግድግዳ ላይ የክፍል ማስታወቂያ አይጠፋም።

ቤዝመንት (ምድር ቤት) ከሆነ መስኮቱን ሳታዩ እሺ አትበሉ። ከፍታችሁት ትልቅ ሰው ወደ ውጭ ሊወጣበት የሚችል መሆን አለበት፤ እሳት ቢነሳ ደረጃው መጀመሪያ በጭስ ይሞላል። የጭስና የካርቦን ሞኖክሳይድ መጮኺያ መኖሩን እዩ፣ ቁልፉን ተጭናችሁ ሞክሩት።

ክፍሉን በዓይናችሁ ሳታዩ፣ አዲስ አበባ ሆናችሁ፣ ዲፖዚት (የመያዣ ገንዘብ) ዜል በሚባለው የባንክ ገንዘብ መላኪያ አትላኩ። በዜል የሄደ ገንዘብ አይመለስም፤ የሌላ ሰው ቤት ፎቶ ለጥፎ የሚሰበስብ ሞልቷል። በሜሪላንድና በዲሲ ዲፖዚት ከአንድ ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም፣ በቨርጂኒያ እስከ ሁለት ወር ይፈቀዳል። ደረሰኝ ተቀበሉ። አንድ ገጽም ቢሆን ውል ይጻፍ፦ አድራሻው፣ የሁለታችሁ ስም፣ ኪራዩ፣ መብራትና ኢንተርኔት በማን እንደሆነ፣ ለመልቀቅ ከስንት ቀን በፊት እንደሚነገር። ይህ ወረቀት መንጃ ፈቃድ ስታወጡ የመኖሪያ ማስረጃ ይሆናችኋል። «ውል አልጽፍም፣ ደብዳቤም በዚህ ቤት አይመጣም» ከሚል አከራይ ራቁ።

ገንዘቡን እንዲህ አስሉት። ለሁለት ሰው የሚሆን ክፍል 1,100 ዶላር ብንል የሁለት ወር ኪራይ 2,200፣ ዲፖዚት 1,100፣ ቤት ውስጥ እየተበሰለ ለምግብ በወር 500፣ ስልክና ትራንስፖርት በወር 150። ድምሩ 4,600 ነው። ከ5,000 በታች ይዞ መምጣት ሰው ያስጨንቃል። ዲቪ እንደ ስደተኛ የሚቀበለው ድርጅት የለውም፤ የምትተማመኑት በዚህ ገንዘብ ነው።

መልስ፦

ቤቱን ከመምረጣችሁ በፊት የሥራውን ሰዓት እወቁ። ኤርፖርት ጥሩ ነው፣ ወገንም አለበት፤ ነገር ግን ባጅ (የመግቢያ መታወቂያ) ያስፈልጋል። ለባጁ የጣት አሻራ ይነሳል፣ የወንጀል ሪከርድ ይጣራል፤ ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል እስከዚያው ፓርኪንግ፣ ሆቴልና ግሮሰሪም አመልክቱ። ሲልቨር ላይን የሚባለው የሜትሮ ባቡር መስመር ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደለስ ድረስ ይሄዳል። ሆኖም በሥራ ቀን ሜትሮ የሚከፈተው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ በቀይ መስመር ተነስቶ፣ ሜትሮ ሴንተር ላይ ቀይሮ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ደለስ የሚጀምር ሺፍት መድረስ አይቻልም። መኪና ሳይኖር እንዲህ ያለ ሺፍት የተቀበለ ሰው ደመወዙን ለታክሲ ይከፍላል። በመጀመሪያዎቹ ወራት በአንድ አውቶቡስ ወይም በእግር የምትደርሱበት ሥራ በሰዓት አንድ ዶላር ቢያንስም ይሻላል።

የጤና ኢንሹራንስ አትርሱ፤ ከገባችሁበት ቀን አንስቶ 60 ቀን ነው ያላችሁ፣ ካለፈ እስከ ዓመታዊው ምዝገባ ትጠብቃላችሁ። ዕድሜህ ከ26 በታች ከሆነ ደግሞ፣ ወንድሜ፣ በ30 ቀን ውስጥ ሰለክቲቭ ሰርቪስ (የወንዶች የውትድርና መዝገብ) ተመዝገብ፤ ለባለቤትህ ግዴታ አይደለም።

ጥያቄ፦

እግዚአብሔር ይስጥልን። አንድ ነገር ብቻ፦ የልጁ ቤት አፓርታማ ነው፣ የፖስታ ሳጥኑ ላይ ያለው የእሱ ስም ብቻ ነው። ችግር አለው?

መልስ፦

አዎ፣ አለው! ፖስተኛው የማያውቀውን ስም ካየ «እዚህ አይኖሩም» ብሎ ሊመልሰው ይችላል። ልጁ ቁራጭ ወረቀት ላይ የሁለታችሁን ስም ልክ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው፣ የአያት ስም ጭምር፣ በእንግሊዝኛ ጽፎ ከሳጥኑ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ ይለጥፍ። ለፖስተኛውም በቃል ይንገረው። ይህን ከመሳፈራችሁ አንድ ሳምንት በፊት ያድርገው፣ ፎቶውን ይላክላችሁ።